አፈሩ ሳይነሣ

ሰው ቤት ለመሥራት ሲነሣ ስለ ግድግዳው፥ ስለ ጣራው፥ ስለ በሩና ስለ መስኮቱ ብዙ ይመክራል፤ ቤቱ ስለሚቆምበት አፈርና በዚያ አፈር ላይ ስለሚያልፈው ውሃ ግን የሚመክር ጥቂት ነው። አፈር ዝም ብሎ የተኛ ነገር ስለ ሆነ አንዳች ቃል ያለው አይመስለንም። ነገር ግን በመኖሪያ ሰፈር አጠገብ ብዙ አፈር ተቈፍሮ በተነሣና ሌላ አፈር ተጭኖ መጥቶ በተደፋ ጊዜ፥ ያ ዝምተኛ መሬት በየቤቱ ደጅ እየመጣ ይናገራል፤ በበጋ በአቧራ ይናገራል፥ በክረምትም በጐርፍ። በ2016 ዓ.ም. በግንቦትና በነሐሴ ወር ወደ አዲስ አበባ ምሥራቅ ዳርቻ 2 ጊዜ ሄደን ይህን ንግግር ሰምተናል። ለዚህ ገጽ አንባቢዎች፥ ይልቁንም ልጆች ለሚያሳድጉ አባቶችና እናቶች ይጠቅማል ብለን ያየነውን እንጽፋለን።

የእናታችን ታናሽ እህት በዚያ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ሰፈር ይኖራሉ። የሰፈሩን ስም የማንጽፈው ለመሰወር ብለን አይደለም፤ ነገሩ የአንድ ሰፈር ብቻ ስላልሆነ፥ አንባቢ ሁሉ የራሱን ሰፈር ስም በስፍራው እንዲያገባበት ብለን ነው። አክስታችን ከ20 ዓመት በፊት ከሟች ባለቤታቸው ጋር የሠሩት ቤት አላቸው። በጓሮው በኩል 3 ክፍሎች አሠርተው ያከራያሉ፤ ቀለባቸውም፥ ልብሳቸውም፥ የመድኃኒታቸውም ዋጋ የእነዚያ ክፍሎች ኪራይ ነው። በግንቦት መጀመሪያ ላይ በስልክ ጠርተው እንዲህ አሉን፦ «ልጄ፥ ከቤቴ ጀርባ ተራራ እየሠሩ ነው። ሐሙስ በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ አለ ይላሉ፤ አንተ የፍርድ ቤት ሰው ነህ፥ ወረቀት ማንበብ ታውቃለህ። ብትመጣ ደስ ይለኛል፤ ባትመጣም አልቀየምህም።» እንዲህ ያለው «አልቀየምህም» ከታላቅ ዘመድ አፍ ሲወጣ፥ ከፍርድ ቤት መጥሪያ የሚበልጥ ትእዛዝ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። ስለዚህ ከመሥሪያ ቤታችን ፈቃድ ጠይቀን ሐሙስ በማለዳ ከልደታ ተነሣን።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማው ባቡር ከልደታ እስከ አያት ይሄዳል። ትኬት ቈርጠን፥ ከተማሪውና ከነጋዴው ጋር ተጠጋግተን ቆመን ሄድን። ባቡሩ በለገሃርና በስታዲየም፥ ከዚያም በእስጢፋኖስ አልፎ በመገናኛ በኩል ወደ ምሥራቅ ሲያቀና፥ የድሮው ከተማ አቀበትና ቍልቍለት እየቀነሰ መሬቱ እየተዘረጋ ይመጣል። በግራ በኩል የእንጦጦ ሰንሰለት ይታያል፤ በቀኝ በኩል ራቅ ብሎ የረር ብቻውን ቆሞ ይታያል። ቀድሞ በእነዚህ በ2ቱ ተራሮች መካከል የነበረው ሜዳ የጤፍና የሽንብራ አገር ነበር፤ ዛሬ ፎቅ ከፎቅ ተያይዞ ቆሞበታል። የቦሌ ለሚ የኢንዱስትሪ ፓርክም በዚሁ በምሥራቁ ወገን ነው፤ በ156 ሄክታር መሬት ላይ 20 የፋብሪካ ሼዶች ተሠርተውለት በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ሥራ ጀምሮአል። ከተማ እንደ ሰው ነው፤ ሲያድግ ልብሱ ያጥረዋል፥ የሚበላውንም ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣል። ስለዚህ ሥራ ወደ ዳርቻው መምጣቱን የሚጠላ አስተዋይ ሰው የለም። ጥያቄው አመጣጡ ነው።

ከአያት በታክሲ፥ ከታክሲ ወርደን በባጃጅ፥ ከባጃጁም ወርደን በእግራችን ሄደን ከአክስታችን ደጅ ደረስን። እርሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው ነበር። ቡናውን ሳያቀርቡ አስቀድመው በጓሮው በኩል ወሰዱን።

የዚያ አገር አፈር ዋልካ ነው። ዋልካ ጥቁር ሸክላማ አፈር ሲሆን ጠባዩ ከሌላው የተለየ ነው። በበጋ ደርቆ ስለሚኮማተር እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ዝናብ ባገኘ ጊዜ ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል፤ ከጠገበ በኋላ ግን ውሃውን ወደ ታች አያሳልፍም፥ በላዩ ያቍረዋል እንጂ። በዚህ ምክንያት ገበሬው በክረምቱ እኩሌታ አይዘራበትም፤ ዝናቡ ሊያልቅ ሲል ሽንብራና ጓያ ይዘራበታል፥ እህሉም በመሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላል። በዋልካ ላይ የተሠራ ቤትም በየዓመቱ ከመሬቱ ጋር ከፍ ዝቅ ስለሚል ግድግዳው በቀላሉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሕንፃ ሠሪዎች ዋልካውን ቈፍረው አውጥተው፥ በምትኩ ገረጋንቲ ያነጥፋሉ፤ ገረጋንቲውን በስሱ እየደለደሉ፥ ውሃ እያርከፈከፉ፥ በከባድ መዳመጫ ይጠቀጥቁታል። ይህ የሥራው ደንብ ነው፤ የሚነቀፍም አይደለም።

ከአክስታችን አጥር ጀርባ አንድ ባለሀብት በ4 ሄክታር መሬት ላይ የንግድ መንደር ሊሠራ ተነሥቶአል፤ ሱቆች፥ የጽሕፈት ቤት ሕንፃዎችና የዕቃ ማከማቻ ቤቶች ይኖሩታል። በምሥራቁ እኩሌታ ሥራው ተጀምሮ ነበር። ኤክስካቫተሩ ዋልካውን ይቈፍራል፤ ገልባጭ መኪና ይጭናል፤ ሌላ ገልባጭ መኪና ገረጋንቲ ይዞ ይመጣል፤ ዶዘሩ ይገፋል፥ መዳመጫው ይከተላል። መዳመጫው በሚመላለስበት ጊዜ በአክስታችን ጠረጴዛ ላይ ያለው ሲኒ ይንቀጠቀጥ ነበር። የተቈፈረው ዋልካ ከአጥሩ ጥቂት እርምጃ ርቆ ተከምሮአል፤ ቁመቱ ከቤቱ ጣራ ይበልጣል። «ተራራ እየሠሩ ነው» ያሉት ማጋነን አልነበረም።

ሒሳብ ያስተማሩን መምህር ትልቅ ነገር የሚያስፈራህ ሳትቈጥረው ነው ይሉን ስለ ነበረ፥ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ቈጠርነው። 1 ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ነው፤ 4 ሄክታር መሬትን በ1 ሜትር ከፍ ለማድረግ 40,000 ሜትር ኩብ ሙሌት ይፈልጋል። አንድ ገልባጭ መኪና 16 ሜትር ኩብ ይጭናል ብንል፥ ይህ 2,500 ጭነት ነው፤ መኪናው ተጭኖ መጥቶ ባዶውን ስለሚመለስ ደግሞ በልጆች የትምህርት ቤት መንገድ ላይ 5,000 ጊዜ ያልፋል ማለት ነው። ይህም ተቈፍሮ የሚወጣውን ዋልካ ሳይጨምር ነው። አክስታችን ቍጥሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና «አሁን የበለጠ ፈራሁ» አሉን። የመምህራችን ምክር በሁሉ ሰው ላይ አይሠራም።

ወደ አዳራሹ ስንሄድ ግን እኛን የሚያሳፍር ነገር አገኘን። በወረዳው ጽሕፈት ቤት የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፀሐይ ያጠወለገው ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የተጻፈበት ቀን የካቲት ነው። በዚህ ስፍራ የንግድ መንደር ለመሥራት ሐሳብ ቀርቦአል፤ የጥናቱ ጽሑፍ በጽሕፈት ቤቱ ስለሚገኝ ማንኛውም ሰው አይቶ አስተያየቱን እስከ መጋቢት መጨረሻ በጽሑፍ ያቅርብ ይላል። በመጋቢት ወር ለጐረቤት ልጅ ክርስትና ተጠርተን በዚያ ሰሌዳ ፊት አልፈናል፤ ዝናብ መጥቶም ከክዳኑ ሥር ተጠልለንበታል። ኑሮአችን ማስታወቂያ መጻፍና መለጠፍ ሆኖ ሳለ፥ የተለጠፈውን ሳናነብ ሄደናል። አክስታችን ፊደል አልቈጠሩም፤ እርሳቸው አይወቀሱም። በዚያ አዳራሽ መጀመሪያ የተወቀስነው እኛው ነን፥ ወቃሹም ሌላ ሰው አልነበረም።

ሰፈርተኛው ግን ዘግይቶም ቢሆን አንድ ነገር አድርጎ ነበር። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ስማቸውንና ፊርማቸውን አሰባስበው አቤቱታ ስላቀረቡ፥ ፈቃዱ እንደገና እንዲታይ ተወስኖ ነው ስብሰባው የተጠራው። የወረዳው ሹም በመካከል፥ የከተማ ፕላንና የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኞች በቀኝ፥ የባለሀብቱ መሐንዲስ በግራ ተቀምጠዋል። ሕዝቡ አዳራሹን ሞልቶ ከውጭ ቆሞአል።

መሐንዲሱ ካርታውን ዘርግቶ በትሕትና አስረዳ። መሬቱ በከተማው ፕላን ለቅይጥ አገልግሎት የተመደበ መሆኑን፥ ሥራው ሲያልቅ ብዙ ሰው ሥራ እንደሚያገኝበት፥ መሬቱንም በ1 ሜትር ከፍ የሚያደርጉት ክረምት ውሃ እንዳይገባበት መሆኑን ተናገረ። ከዚያ አንድ ወጣት ተነሥቶ «እኛ ከትምህርት ቤት ወጥተን 3 ዓመት ቤት ተቀምጠናል። ይህ ሥራ ከቆመ እንጀራ የሚሰጠን አቤቱታ ያቀረበው ሰው ነውን?» አለ። ብዙ ወጣቶች አጨበጨቡለት። ያጨበጨቡለትን ከልባችን አልነቀፍንም፤ የሥራ ፈት ልጅ እናት በአዳራሹ ውስጥ ብዙ ነበረችና።

ከዚህ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ተነሥተው ክምሩን በእጃቸው አመለከቱና «ቆሼ» አሉ፤ ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ተቀመጡ። አዳራሹ ጸጥ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ስፍራ የቆሻሻ ክምር ተንዶ በአጠገቡ በነበሩ ቤቶች ላይ ወድቆ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። ያ ክምር የብዙ ዓመት ቆሻሻ ነበር፥ ይህ ደግሞ የጥቂት ሳምንት አፈር ነው፤ አንድ አይደሉም። ነገር ግን ቤቱ ከክምር ሥር የሆነ ሰው ሌሊት ዝናብ ሲጥል ልዩነቱን ቈጥሮ አይተኛም።

ጉዳዩን ያቀናው ግን ሌላ ሰው ነው። ቀድሞ ያንን መሬት ያርሱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡና ለመሐንዲሱ እንዲህ አሉት፦ «ልጄ፥ ካርታህ ያማረ ነው። ነገር ግን ባዶ መሬት ያልኸው ባዶ አልነበረም፤ የውሃ መኝታ ነው። ከሰሜን በኩል የሚመጣው ውሃ ሐምሌ በገባ ጊዜ እዚያ መጥቶ ይተኛል፤ መስከረም ሲጠባ ነው ተነሥቶ የሚሄደው። እኔ ሽንብራ የዘራሁት እርሱ ከሄደ በኋላ ነው፤ አንድም ዓመት ቀድሜው አልዘራሁም። አሁን አንተ መኝታውን ከፍ ስታደርግበት፥ ውሃው ወዴት ሄዶ ይተኛ?»

መሐንዲሱ ዝም ብሎ ካርታውን ተመለከተ፤ ቈይቶም «አባቴ፥ ይህ ልክ የተለካው በጥር ነው። በጥር ውሃ አላየንም» አለ። በፍርድ ቤት ብዙ ሰው ሲከራከር ሰምተናል፤ እውነቱን በዚህ ያህል አጭር ቃል የሚናገር ግን ብዙ አልሰማንም። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ለሁሉም ግልጥ ነበር። 4 ሄክታሩ በ1 ሜትር ከፍ ካለ፥ የቀረው ዝቅተኛ ስፍራ የሰፈሩ ቤቶች ብቻ ናቸው።

ከሽማግሌው ቀጥላ አንዲት የልጆች እናት የልጅዋን አሮጌ ደብተር ይዛ ተነሣች። ሥራው ከተጀመረበት ቀን አንሥታ በየቀኑ ስንት መኪና እንዳለፈ፥ ስንት ሰዓት እንደ ጀመረ፥ ስንት ሰዓትም እንዳቆመ፥ ልጅዋ በአቧራው ምክንያት ሳል ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሄደበትን ቀን ጭምር በእርሳስ ጽፋበታለች። አልጮኸችም፥ አላለቀሰችም፤ ቀኑንና ቍጥሩን ብቻ አነበበች። ሹሙ ደብተሩን ተቀብሎ አገላበጠና ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ አዘዘ። እኛም በሞያችን ምክንያት በልባችን ደስ አለን፤ በመዝገብ ያልገባ ቃል ከአፍ የወጣ እስትንፋስ ነው፥ በመዝገብ የገባ ቃል ግን ሹም ሲለወጥም አይለወጥም።

አክስታችንም ተናገሩ፤ ከአጥሩ ወገን ያለው የኪራይ ክፍላቸው ግድግዳ ከላይ እስከ ታች መሰንጠቁን አስታወቁ። የተሰጣቸው መልስ ግን የሚያሳዝን ነበር፦ በዋልካ መሬት ላይ ያለ ግድግዳ ራሱ ስለሚሰነጠቅ፥ ስንጥቁ ከሥራው በፊት ያልነበረ መሆኑን የሚያስረዳ ነገር ያቅርቡ ተባሉ። ፎቶግራፍ አልነበራቸውም፥ የተጻፈም ነገር የለም። መልሱ በሕግ ዓይን ጠንካራ መሆኑን ስለምናውቅ የምንመክራቸው አጣን። በመጋቢት ያንን ማስታወቂያ አንብበን ቢሆን ኖሮ፥ በኪሳችን በነበረው ስልክ ግድግዳውን ፎቶግራፍ ለማንሣት ከአንድ ደቂቃ የበለጠ ባልፈጀብን ነበር።

ስለ ሕጉ ጥቂት ቃል እንጨምር። ከተማን በፕላን ማደራጀት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በ1948 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባ ፕላን አዘጋጅቶላት ነበር። ቈይቶም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 እና በአንቀጽ 92 ሕዝቡ አካባቢውን በሚነካ ሥራ ላይ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጥ መብት ሰጥቶአል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቍጥር 299 የጥናቱ ጽሑፍ ለሕዝብ እንዲገለጥና በሥራው የሚነካው ሰው አስተያየት በግምገማው ውስጥ እንዲገባ ደንግጎአል። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ደግሞ፥ አካባቢን የሚጐዳ ወይም ሊጐዳ የሚችል ነገር ያየ ማንኛውም ሰው፥ ጉዳቱ በራሱ ላይ የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ሳያስፈልገው፥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤት ይበል ይላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ60 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ማቅረብ ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም በቍጥር 1225 ባለ ይዞታው በጭስ፥ በጥላሸት፥ በድምፅና በመንቀጥቀጥ ከመልካም ጕርብትና ልክ አልፎ ጐረቤቱን እንዳይጐዳ ይከለክላል። «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስም በቍጥር 1149 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ሕግ በየጊዜው ስለሚሻሻል፥ ጉዳይ የገጠመው ሰው በዚያን ጊዜ የሚሠራበትን ይጠይቅ።

ነገር ግን ፍርድ ቤት ሊያደርግ የማይችለው አንድ ነገር አለ። ዳኛ ገንዘብ ያስከፍላል፥ ሥራ ያግዳል፥ በዳዩን ይቀጣል፤ በ2,500 ጭነት የመጣውን አፈር ግን ወደ መጣበት አይመልሰውም። ከእኛ መዝገብ ቤት የሚደርሱት የአፈርና የጐርፍ ክሶች ብዙዎቹ የሚደርሱት መሬቱ ከተለወጠ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ክርክሩ ስለ ካሣ እንጂ ስለ ቤት መሆኑ ይቀራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይህ ነው። በዚያ አዳራሽ የተነገረው ቃል የጠቀመው፥ በምዕራቡ እኩሌታ ያለው መሬት ገና ስላልተነሣ ነው።

ውሳኔው በሳምንቱ ወጣ። መሬቱ ለንግድም የተመደበ ስለ ሆነ ሥራው አልተከለከለም፤ ነገር ግን ግዴታ ተጻፈበት። ከመኖሪያ አጥሮች 6 ሜትር ርቀት ያለ ሙሌት እንዲተው፤ በዚያም ውስጥ በድንጋይ የተገነባ የጐርፍ መውረጃ ቦይ ሌላ ሙሌት ከመጨመሩ በፊት ተሠርቶ እንዲያልቅ፤ ሽማግሌው ያሳዩት የውሃ መንገድ በሙሌቱ ሥር በቱቦ እንዲያልፍ፤ ከአጥር ዳር ያለው ክምር ክረምት ሳይገባ እንዲነሣ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት በሚሄዱበትና በሚመለሱበት ሰዓት መኪና እንዳያልፍ፤ መንገዱ በቦቴ ውሃ እንዲርከፈከፍ፤ የቀሩትም ቤቶች ግድግዳ መዳመጫው ሳይቀርባቸው በፎቶግራፍ ተነሥቶ ባለቤቱና መሐንዲሱ እንዲፈርሙበት ታዘዘ። አክስታችን ስለ ተሰነጠቀው ክፍል ያገኙት ነገር የለም። «ይሁን፥ የቀሩት ሁለቱ ይቁሙልኝ» አሉ።

በነሐሴ ወር ዳግመኛ ሄድን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ብርቱ ዝናብ ጣለ። አክስታችን አልተኙም፤ እኛም አልተኛንም፤ መብራት ይዘን በጓሮው በር ቆምን። ውሃው ከሰሜን በኩል ሽማግሌው እንዳሉት መጣ፤ ወደ ቦዩ ገባ፥ እየጮኸም ወረደ። ክምሩ ተነሥቶ ስለ ነበረ ሰማዩ ከአጥሩ በላይ ይታይ ነበር። በታችኛው ጥግ ግን ቱቦው ከመንገዱ ማዶ ሲወጣ ስለሚጠብ፥ ውሃው ተመልሶ ወደ አንድ ጐረቤት ግቢ ገባ፤ እስከ ጕልበት ደረሰ፥ የልጆቹንም ምንጣፍና ደብተር አረጠበ። ጠዋት መሐንዲሱ በጎማ ቦት ጫማ መጣ፤ ሽማግሌውንም አስጠርቶ ከእርሳቸው ጋር በውሃው ዳር ሲሄድ አየነው። በሳምንቱ መውጫውን አስፍተው ቈፈሩት። ከውሃው ጋር እንደዚያ በጋራ የሄዱት በጥር ቢሆን ኖሮ፥ የእነዚያ ልጆች ደብተር ባልረጠበ ነበር። የሽንብራው መሬት ዛሬ በገረጋንቲ ተሸፍኖአል፤ ያ ወጣትም በግንባታው ላይ የቀን ሥራ አግኝቶ ሲሠራ አይተነዋል፤ ለአክስታችን ከሩቅ ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላምታ ሰጣቸው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ጕዞ ለየቤቱ ያመጣነው ምክር ይህ ነው። በወረዳህ የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት በምታልፍበት ጊዜ ቆመህ አንብብ፤ ማንበብ ለማይችለው ጐረቤትህም አንብብለት፤ ያነበበ ሰው ዝም ካለ ካላነበበው አይሻልም። በቤትህ አጠገብ አፈር ሊነሣ መሆኑን በሰማህ ጊዜ የግድግዳህን ፎቶግራፍ በውስጥም በውጭም አንሣ፤ ቀኑንም ጻፍበት። ውሃ በክረምት ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ በሰፈሩ የቈዩትን ሽማግሌዎች ጠይቅ፤ ያሉህንም በወረቀት አስፍር። አቤቱታህን በቃል አትተወው፤ ጽፈህ ስጥ፥ የተቀበለህንም ሰው ቀንና ማኅተም አስደርግበት። እናንተም የልጆች እናቶች፥ ከልጆቻችሁ አሮጌ ደብተር ውስጥ ባዶ ገጽ አይጠፋምና ቀኑንና ቍጥሩን ጻፉበት። ሥራ የሚያመጣውንም ሰው እንደ ጠላት አትዩት፤ ውሃው የሚያልፍበትን ካሳያችሁት ለእርሱም ሕንፃ ይጠቅመዋል።

አክስታችን አሁን አዲስ ወረቀት በሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ቍጥር የሰፈሩን ተማሪ ልከው ፎቶግራፉን በስልክ ያስልኩልናል። አንድ ጊዜ ስለ ክትባት ነው፥ አንድ ጊዜ ስለ ጠፋ መታወቂያ፥ አንድ ጊዜም ስለ ግብር። እኛም ከሥራችን መካከል ተነሥተን ሁሉንም ቃል በቃል እናነብላቸዋለን፤ «ይህ አይመለከተኝም» ሲሉ ስልኩን እንዘጋለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ በዚህ ሥራ አንታክትም።